ከወዳጅነት ካርታ እስከ ሥራ መረብ፦ በነርሶች የሥራ አካባቢ ማኅበራዊ ግንኙነትን የመለካት ታሪክ

መግቢያ

አንድ የሆስፒታል አስተዳደር የነርሶቹን ቁጥር፣ የምስክር ወረቀታቸውን ደረጃና የደመወዛቸውን ልክ ከመዝገብ አንብቦ ሊያውቅ ይችላል። አንዲት ነርስ በሌሊት ተረኛነቷ ወቅት የአንድ በሽተኛ ሁኔታ በድንገት ሲከፋ በቅድሚያ ማንን እንደምትጠይቅ፣ ማንንስ ለመጠየቅ እንደምትፈራ ግን በማናቸውም መዝገብ ላይ ሰፍሮ አይገኝም። ሆኖም የበሽተኛው ዕጣ የሚወሰነው በነርሷ የምስክር ወረቀት ብቻ ሳይሆን በዚህ ባልተመዘገበ ግንኙነት ጭምር ነው። ተማሪ ነርሶች ትምህርታቸውን አቋርጠው ሲወጡ፣ የሠለጠኑትም ሥራቸውን ሲለቁ፣ ለረጅም ዘመን ምክንያቱ ይፈለግ የነበረው በግለሰቦቹ ጠባይ ውስጥ ነበር። ለሙያው ጥሪ የሌላት ወይም ጽናት የጎደላት ናት ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱ ጥናቶች ይህን አስተሳሰብ ቀስ በቀስ ለውጠውታል። ጉድለቱ በሰውዬው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥም ሊገኝ እንደሚችል፣ ይህም ግንኙነት ሊጠየቅ፣ በሥዕል ሊገለጽና በቁጥር ሊለካ እንደሚችል አሳይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ልኬት አመጣጥ በቅደም ተከተል ማስረዳት፣ በየደረጃው የተገኘውንና የጠፋውን ማመልከት፣ ከዚያም ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆነውን ትምህርት መለየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በሐድሰን የተነሣው ጥያቄ

የማኅበራዊ ግንኙነት ልኬት ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኖ የታወቀው በሆስፒታል ሳይሆን በአንድ የልጃገረዶች ማረሚያ ትምህርት ቤት ነው። በ1932 መከር ወራት በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በሐድሰን ከተማ በነበረው የልጃገረዶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ 14 ልጃገረዶች ጠፉ። ይህም ከተለመደው ቁጥር በ30 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን ልማድ ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዷ ልጅ ታሪክ ተመርምሮ፣ አመሏ ተመዝግቦ፣ ቅጣቷ ተወስኖ ነገሩ በተዘጋ ነበር።

ጉዳዩን ያጠኑት ዶክተር ጄኮብ ሞሬኖ ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። ሞሬኖ በ1889 በቡካሬስት ተወልደው በቪየና ሕክምና የተማሩ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሚተርንዶርፍ የስደተኞች ሰፈር በሐኪምነት ያገለገሉ፣ በ1925 ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ሰው ናቸው። ከሥራ ባልደረባቸው ከሔለን ጄኒንግስ ጋር በመሆን በትምህርት ቤቱ ይኖሩ የነበሩትን ወደ 500 የሚጠጉ ልጃገረዶች ከማን ጋር በአንድ ቤት መኖር እንደሚፈልጉና ከማን ጋር እንደማይፈልጉ ጠየቁ። እያንዳንዷ ልጅ እስከ አምስት የሚደርሱ ስሞችን በምርጫዋ ቅደም ተከተል ሰጠች። ከመልሱም ልጃገረዶቹን በክብ፣ ምርጫቸውን በመስመር የሚያመለክት ካርታ ተነሣ። ይህ ሥዕል ሶሲዮግራም፣ ሥራውም ሶሲዮሜትሪ የሚል ስያሜ ተሰጠው። በሥዕሉ ላይ ብዙ መስመሮች የሚያርፉባት "ኮከብ" ስትባል፣ ማንም ያልመረጣት "ብቸኛ" ተባለች።

ካርታው ሲታይ የመጥፋቱ ነገር አዲስ መልክ ያዘ። የጠፉት ልጃገረዶች ሁሉ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ በአንድነትም የዶለቱ አልነበሩም። ነገር ግን አንዷ ከሌላዋ፣ ሌላዋም ከሦስተኛዋ ጋር በወዳጅነት ሰንሰለት የተያያዙ ነበሩ። ሐሳቡ የተላለፈው በዚህ ሰንሰለት ላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ልጃገረዶች የሰንሰለቱን ጠቅላላ ቅርጽ ራሳቸው አያውቁትም ነበር። በሚያዝያ 1933 ሞሬኖ ሥዕሎቻቸውን በኒውዮርክ በአንድ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ሲያቀርቡ ጋዜጦች እንደ አዲስ የስሜት ጂኦግራፊ ቆጥረው ዘገቡት። በ1934 "ማን ይተርፋል?" የተሰኘው መጽሐፋቸው ታተመ፤ በ1937ም ለዚሁ ጥናት የተለየ መጽሔት ተቋቋመ።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚጠቅመው ሞሬኖ ያስቀመጡት አንድ ደንብ ነው። ጥያቄው እውነተኛ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት ተጠያቂዋ የምትሰጠው መልስ በእርግጥ አንድ ነገር እንደሚለውጥ ማወቅ አለባት። "ከማን ጋር ለመኖር ትፈልጊያለሽ?" ተብላ የተጠየቀች ልጅ የመኖሪያዋ ድልድል በመልሷ መሠረት ሊስተካከል ይገባዋል። እንዲያው ለማወቅ ያህል ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ በሞሬኖ አስተያየት ወደ ሶሲዮሜትሪ የተጠጋ እንጂ ራሱ ሶሲዮሜትሪ አይደለም። ጄኒንግስም በበኩላቸው አንድ ሰው ለሥራ የሚመርጠውና ለጨዋታ የሚመርጠው ሰው የግድ አንድ አለመሆኑን በኋላ ባካሄዱት ጥናት አስረድተዋል። እነዚህ ሁለት ነጥቦች፣ ማለትም የጥያቄው እውነተኛነትና የግንኙነት ዓይነቶች መለያየት፣ ከዚያ በኋላ ለመጡት ልኬቶች ሁሉ መፈተኛ ሆነው ይገኛሉ።

2. ከፋብሪካው ክፍል የተገኘው ትምህርት

በዚያው ዘመን፣ በ1924 እና በ1932 መካከል፣ በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የሆቶርን የስልክ መሣሪያ ፋብሪካ ዝነኛው የሠራተኞች ጥናት ይካሄድ ነበር። የጥናቱ የመጨረሻ ክፍል ከኅዳር 1931 እስከ ግንቦት 1932 ድረስ 14 ወንዶች ሽቦ የሚያያይዙበትን አንድ ክፍል በትዕግሥት መመልከት ነበር። ተመልካቹ ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ማን ማንን በሥራ እንደሚረዳ፣ ማን ከማን ጋር ሥራ እንደሚለዋወጥ፣ መስኮት በመክፈትና በመዝጋት ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ መዘገበ። ሮትሊስበርገርና ዲክሰን በ1939 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ሁሉ በሥዕል ቀርቧል።

ከሥዕሉ የተረዳው ነገር ፋብሪካው በወረቀት ላይ ከሚያውቀው አደረጃጀት ጎን ሌላ አደረጃጀት መኖሩ ነው። ሠራተኞቹ በክፍሉ ፊትና በክፍሉ ኋላ በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በቀን ሊሠራ የሚገባውን መጠን በመካከላቸው ወስነው፣ ከዚያ ያለፈውንም ሆነ የጎደለውን በሹፈትና ክንድን በመምታት ይቀጡ ነበር። አለቃው ይህን እያወቀ ዝም ከማለት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሞሬኖ ሰውን ስለ ፍላጎቱ ሲጠይቁ፣ የሆቶርን ተመራማሪዎች ደግሞ የሚደረገውን ተመለከቱ። ሁለቱ መንገዶች፣ መጠየቅና መመልከት፣ የሆስፒታሉን በር ያንኳኩት ከዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

3. በለንደኑ ሆስፒታል የታየው

በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የለንደን የማስተማሪያ ሆስፒታል የተማሪ ነርሶችን የሥራ ድልድል ማስተካከል ስለ ተሳነው የታቪስቶክ ተቋምን እርዳታ ጠየቀ። ችግሩ በግልጥ የሚታይ ነበር። ተማሪዎቹ በአንድ በኩል እንዲማሩ የተቀበሏቸው፣ በሌላ በኩል የሆስፒታሉን ሥራ በአብዛኛው የተሸከሙ ነበሩ። ከ700 ያህል ነርሶች መካከል ሙሉ ሥልጠና ያላቸው 150 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ የተቀሩት ተማሪዎች ነበሩ። ከተማሪዎቹም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሥልጠናውን አይፈጽሙም ነበር። ከሚወጡት የሚበዙት ደግሞ በፈተና ወድቀው ሳይሆን በራሳቸው ጥያቄ የሚለቁ ነበሩ።

ጥናቱን የመሩት ኢዛቤል ሜንዚስ 70 ያህል ነርሶችን በተናጠልና በአነስተኛ ቡድን አነጋገሩ፤ ሥራውንም በቦታው ተገኝተው ተመለከቱ። በ1959 እና በ1960 ታትሞ የወጣው ውጤት ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። የሥራው አደረጃጀት ራሱ ግንኙነትን የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። አንዲት ነርስ ጥቂት በሽተኞችን ሙሉ በሙሉ ከመንከባከብ ይልቅ አንድን የሥራ ዓይነት ለብዙ በሽተኞች እንድትፈጽም ይደረጋል፤ በዚህም ምክንያት ከማንም ጋር አትቀራረብም። በሽተኛው በስሙ ሳይሆን በአልጋው ቁጥር ወይም በታመመው አካሉ ይጠራል። ተማሪዋ ከአንድ የሕሙማን ክፍል ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ ትዛወራለች። ትንሽ ውሳኔ እንኳ ሳትቀር እየተመረመረች ወደ በላይ አለቃ ትመራለች።

ሜንዚስ ይህን የቆጠሩት እንደ ተራ የአስተዳደር ስሕተት አይደለም። ነርሶች በየዕለቱ ከሥቃይና ከሞት ጋር ይጋፈጣሉ። ይህ የሚያስከትለው ጭንቀት እንዳይሰማ ድርጅቱ በልማድ የሠራው መከላከያ ነው አሉ። መከላከያው ግን ጭንቀቱን አላስወገደም፤ ይልቁንም ነርሷን ሥራዋ ከሚሰጣት እርካታ ለያት። ከሚወጡትም መካከል በአስተሳሰባቸው የበሰሉና ለሙያው ተስፋ የሚጣልባቸው እንደሚገኙ አመለከቱ። ስለዚህ የሚለቁት ደካሞች ናቸው የሚለው የቆየ ፍርድ በእውነታው አልተደገፈም። ከዚህም ጋር አንድ አሳዛኝ ነገር ተመዘገበ። ድርጅቱ ጥናቱን ከተቀበለ በኋላ እንኳ መሠረታዊውን ልማድ ለመለወጥ እጅግ ተቸግሯል። መከላከያን ማፍረስ ጭንቀቱን ከነሙሉ ኃይሉ መጋፈጥ ስለሚሆን ነው።

4. የማንቸስተር ቁጥሮች

የሜንዚስ ጥናት የአንድ ሆስፒታል ጥናት ነበር። ነገሩ በብዙ ሆስፒታሎች መካከል በቁጥር ሊነጻጸር ይችል እንደ ሆነ ያሳዩት ፕሮፌሰር ሬጂናልድ ሬቫንስ ናቸው። ሬቫንስ ቀደም ሲል በእንግሊዝ ብሔራዊ የድንጋይ ከሰል ድርጅት የትምህርት ኃላፊ ሆነው የሠሩ፣ በ1955 በማንቸስተር የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያገኙ ምሁር ናቸው። በማንቸስተር አካባቢ የሚገኙ ሆስፒታሎችን አጥንተው በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ከመዝገብ ሊገኙ የሚችሉ ሁለት ቀላል አኃዞችን ጎን ለጎን አኖሩ። አንደኛው ነርሶችና ተማሪ ነርሶች በሥራቸው ላይ የሚቆዩበት መጠን፣ ሁለተኛው በሽተኞች በሆስፒታሉ የሚተኙበት የጊዜ ርዝመት ነበር። ሁለቱ አኃዞች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ተገኙ። ሠራተኞቹ የሚረጉበት ሆስፒታል በሽተኞቹም ፈጥነው የሚድኑበት ነበር።

በሁለቱ መካከል የቆመው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሬቫንስ የየሕሙማን ክፍሉን ኃላፊ ሲስተሮች ስለ ሜትሮኗ፣ ስለ ሐኪሞቹና ስለ ተማሪዎቹ ጠየቁ። ሲስተሯ ከበላዮቿ ጋር በግልጥ ለመነጋገር የምትችልበት፣ ጥያቄዋም መልስ የሚያገኝበት ሆስፒታል ሲሆን፣ እርሷም ለተማሪዎቿ ጥያቄ ጊዜ ትሰጣለች። ከበላይ የምትገፋ ከሆነች ግን እርሷም የበታቾቿን ትገፋለች። በዚህ ዓይነት ከላይ የተጀመረው መልካም ወይም ክፉ ግንኙነት እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ ይወርዳል። ለተማሪዋ ጥያቄ መልስ መንፈግ፣ ሌላ ምንም በደል ባይታከልበት፣ ልጅቱን ከሙያው ለማስወጣት የሚበቃ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ሬቫንስ የወሰዱት እርምጃ ከሐድሰኑ ደንብ ጋር የሚስማማ ነው። ከ1965 እስከ 1968 ድረስ በ10 የለንደን ሆስፒታሎች በተካሄደው የውስጥ ግንኙነት ፕሮጀክት ጥናቱን ለውጭ ሊቃውንት ብቻ አልተዉትም። የሆስፒታሎቹ የራሳቸው ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተዳዳሪዎች በቡድን ሆነው ችግራቸውን እንዲያጠኑ፣ ውጤቱን እንዲወያዩበትና መፍትሔውን እንዲሞክሩ ተደረገ። የሚለካውና የሚለካው ሰው በዚህ ጊዜ አንድ ሆኑ።

5. ከካርታ ወደ ሚዛን

በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካም ትኩረቱ ወደ ሐኪምና ነርስ ግንኙነት ዞረ። በ1967 ሌናርድ ስታይን የተባሉ ሐኪም በጻፉት አጭር ጽሑፍ ነርሷ የምታውቀውን ለሐኪሙ ስትነግረው እርሷ ያመጣችው ሐሳብ እንዳይመስል አድርጋ በጎን የምታቀርብበትን ልማድ እንደ አንድ ጨዋታ ገለጹት። በካርታ ላይ መስመር መኖሩ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ቃል ቀጥተኛ ነው ወይስ የተሸፋፈነ የሚለውም መጠየቅ ነበረበት።

ነገር ግን በ1970ዎቹ የተስፋፋው ልኬት ሌላ ዓይነት ነበር። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሩዶልፍ ሙስና ፖል ኢንሰል በ1974 ያዘጋጁት የሥራ አካባቢ ሚዛን 90 ዐረፍተ ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ ሠራተኛው እያንዳንዱን እውነት ወይም ሐሰት እያለ ይመልሳል። መልሶቹ በ10 ንዑሳን ሚዛኖች ይደመራሉ። ከነዚህም መካከል የባልደረቦች መቀራረብና የአለቃ ድጋፍ ይገኛሉ። ይህ ሚዛን ለማንኛውም ሥራ የተዘጋጀ ቢሆንም በነርሶች ጥናት ውስጥ ብዙ አገልግሏል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከፍተኛ የነርሶች እጥረት ሲደርስ የአሜሪካ የነርስ አካዳሚ ጥያቄውን ገልብጦ አቀረበው። ነርሶች ለምን ይለቃሉ ከማለት ይልቅ፣ የማይለቁባቸው ሆስፒታሎች ምን አላቸው ሲል ጠየቀ። ከተጠቆሙት 165 ሆስፒታሎች 41ዱ ተመርጠው፣ ነርሶችን ስበው ስለሚይዙ "ማግኔት" የሚል ስም ተሰጣቸው። ጥናቱም በ1983 ታተመ። ከዚህ ጥናት በመነሣት ማርሊን ክሬመርና ላውሪን ሐፍነር በ1989 የነርስ ሥራ መመዘኛ አዘጋጁ። ኤይሊን ሌክም በ2002 ይህንኑ አጣርተው 31 ጥያቄዎች ባሉት፣ በአምስት ክፍሎች በተደለደለ አጭር ሚዛን አወጡት። ከአምስቱ አንዱ የነርስና የሐኪም የባልደረብነት ግንኙነት ነው።

የእነዚህ ሚዛኖች ጥቅም አያጠያይቅም። በብዙ ሆስፒታሎች በአንድ ጊዜ ሊሞሉ፣ መልሶቹም ያለ ስም ሊሰበሰቡና ከበሽተኞች ውጤት ጋር ሊነጻጸሩ ይችላሉ። በ1986 በ13 ሆስፒታሎች 5,030 የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኞችን የተመለከተ ጥናት በሆስፒታሎቹ መካከል የታየው የሞት መጠን ልዩነት ከሐኪሞችና ከነርሶች መናበብ ጋር የተያያዘ እንደሚመስል ገለጸ። በ1994 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው 39 ማግኔት ሆስፒታሎችን ከ195 ተመሳሳይ ሆስፒታሎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በማግኔቶቹ የሞቱት አረጋውያን በሽተኞች መጠን በ4.6 በመቶ ዝቅ ብሎ አገኙት። መልካም ግንኙነት ለሠራተኛው የሚሰጥ ድሎት ብቻ ተደርጎ ይታይ ለነበረበት አስተሳሰብ ይህ ከባድ መልስ ነበር።

የጠፋው ነገርም መታወቅ አለበት። ሚዛን የሚሰጠው የአማካይ መልስ ነው። ለምሳሌ 20 ነርሶች ባሉበት ክፍል 18ቱ እርስ በርሳቸው ተፋቅረው፣ ሁለት አዲስ ገቢዎች ማንም ሳያነጋግራቸው ቢውሉ፣ የክፍሉ የመቀራረብ ነጥብ ከፍተኛ ሆኖ ይመዘገባል። ነገ ሥራቸውን የሚለቁት ግን እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ሞሬኖ በካርታቸው ላይ በመጀመሪያ የሚፈልጓት "ብቸኛ" በአማካዩ ውስጥ ሰምጣ ቀረች።

6. ወደ መረብ መመለስ

ካርታው በዚህ ሁሉ ጊዜ ፈጽሞ አልተረሳም ነበር። በ1946 ፎርሳይትና ካትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የሶሲዮግራምን መስመሮች በሠንጠረዥ ለማስፈር የሚያስችል ዘዴ አቅርበው ነበር። በረድፍ መራጮች፣ በዓምድ ተመራጮች ይጻፉና ግንኙነት ባለበት አንድ፣ በሌለበት ዜሮ ይመዘገባል። በ1954 ጆን ባርንስ በኖርዌይ የብሬምነስን ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ሲያጠኑ የመረብን ምሳሌ ለማኅበራዊ ግንኙነት እንደ ጥናት ቃል ተጠቀሙበት። በ1979ም ሊንተን ፍሪማን አንድ ሰው በመረብ ውስጥ ማዕከል ነው ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ በሦስት መንገድ ለዩ። ብዙ ሰዎችን በቀጥታ የሚያገኝ፣ ወደ ሁሉም በአጭር መንገድ የሚደርስ፣ ወይም በሌሎች መካከል እንደ ድልድይ የቆመ ሰው ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተር ከተስፋፋ በኋላ በእጅ ለመቁጠር የማይሞከረው ስሌት በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ሆነ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባላል። ተረቱ ስለ ኅብረት ኃይል ይናገራል፤ የመረብ ጥናት ግን የትኛው ክር እንደ ጎደለ ለይቶ ያሳያል። ከላይ በተጠቀሰው የ20 ነርሶች ክፍል እያንዳንዷ ስለ 19 ባልደረቦቿ ብትጠየቅ ሊኖሩ የሚችሉት መስመሮች 380 ይሆናሉ። ከእነዚህ 95ቱ በእርግጥ ቢገኙ የመረቡ ጥግግት 25 በመቶ ነው ማለት ነው። ይህ አኃዝ ብቻውን ብዙ አይናገርም። መስመሮቹ የቀን ተረኞችን ከሌሊት ተረኞች ጋር ያገናኛሉ ወይስ ሁለቱን ቡድኖች የምታገናኘው አንዲት ነርስ ብቻ ናት? እርሷ ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወር በሽተኛው በርክክብ ሰዓት ምን ይደርስበታል? ዝውውሯን የሚፈርመው ኃላፊ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ከዚህ በቀር ብዙም የለውም።

በ2009 በአውስትራሊያ በአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ላይ የታተመ ጥናት የዚህ ዘዴ መልካም ምሳሌ ነው። ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ለሚያጋጥም ችግር ማንን እንደሚጠይቁ፣ ስለ መድኃኒት ማንን እንደሚያማክሩ፣ ከሥራ ውጭስ ከማን ጋር እንደሚጫወቱ በተናጠል ተጠየቁ። ሦስቱ መረቦች አንድ ዓይነት አልነበሩም። በአንድ ክፍል የሚሠሩ ቢሆኑም ሐኪሞች ወደ ሐኪሞች፣ ነርሶች ወደ ነርሶች ማዘንበላቸው ታየ፤ የመድኃኒት ምክር ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ የተከማቸ ነበር። ጄኒንግስ ስለ ሥራና ስለ ጨዋታ ምርጫ መለያየት የተናገሩት ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ በሆስፒታል ውስጥ እንደገና ተረጋገጠ።

የመረብ ልኬት የራሱ ችግሮችም አሉት። አንደኛ፣ ስም ሳይጠራ መረብ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ ሚዛኖቹ የሚሰጡት የስም ሽሽግነት እዚህ የለም። ሁለተኛ፣ በተራ መጠይቅ ከ100 ሰዎች 70 ቢመልሱ ውጤቱ ሊያገለግል ይችላል። በመረብ ግን የቀሩት 30 ሰዎች የራሳቸውን መስመሮች ሁሉ ይዘው ይቀራሉ፤ ካርታውም የተቦደሰ ይሆናል። ሦስተኛ፣ "የማትፈልጊው ማን ነው?" የሚለው የቆየ ጥያቄ ሊያቆስል ይችላል። ካርታው በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወይም ለደመወዝ ጭማሪና ለቅጣት ማስረጃ ቢሆን፣ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

7. ለትምህርት ቤቶችና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሆን ትምህርት

ይህ ታሪክ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭም ትርጉም አለው። ሞሬኖ ራሳቸው በብሩክሊን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን አጠገባቸው ማን እንዲቀመጥ እንደሚሹ ጠይቀዋል። መምህራን ተወዳጅ ነው የሚሉት ልጅና ልጆቹ የሚመርጡት ልጅ ብዙ ጊዜ እንደማይገጥሙም አሳይተዋል። ጄኒንግስ በ1948 የጻፉት መመሪያ ለመምህራን የታሰበ ነበር። አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር በወረቀት ቁራጭ ሊሠራው የሚችል ጥናት ነው። መቀመጫውን እንደሚያስተካክል አስቀድሞ መንገር፣ የተወደደውን እንጂ የተጠላውን አለመጠየቅ፣ ወረቀቱን ለሌላ አለማሳየት፣ ከዚያም ቃሉን መፈጸም በቂ ነው። ካርታው ላይ ብቻውን የቀረው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ በትምህርት ብክነት አኃዝ ውስጥ ከመቆጠሩ በፊት ሊታይ ይችላል።

ለነርስ ትምህርት ቤቶችና ለሌሎች ማሠልጠኛዎች የሬቫንስና የሜንዚስ ጥናቶች ያስተላለፉት መልእክት ግልጥ ነው። የተማሪው ማቋረጥ በተማሪው መዝገብ ብቻ አይመረመርም። ወደ ልምምድ ቦታ የተላከው ተማሪ ጥያቄውን ማን እንደሚመልስለት፣ መላሹስ ከበላዩ መልስ ያገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዲስ የተመደበ መምህርም ከዚህ የተለየ አይደለም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለሦስት ወር ማንም ያላማከረው መምህር የዝውውር ማመልከቻ ቢጽፍ የሚያስገርም ሊሆን አይገባም።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሊታወስ የሚገባው ግንኙነት በሥልጠና ጊዜ ሊታቀድ የሚችል መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በአንድ ግቢ አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ በቡድን እንዲሠሩ ማሰማራቱ የዚህ ምሳሌ ነው። በአንድነት የሚሠሩት ሰዎች በአንድነት እንዲማሩ ማድረግ፣ በካርታው ላይ መስመሩ ከሥራ በፊት እንዲሰመር ማድረግ ነው። መስመሩ በሥራ ላይ ጸንቶ መቆየቱ ግን በዕቅድ ብቻ አይረጋገጥም፤ በየጊዜው መጠየቅን ይፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከሐድሰን ቤቶች እስከ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ድረስ የተደረገው ጉዞ የመሣሪያ መሻሻል ታሪክ ብቻ አይደለም። ሞሬኖ ጠይቀው አስተካከሉ፤ የሆቶርን ሰዎች ተመልክተው መዘገቡ፤ ሜንዚስ ግንኙነቱ ለምን እንደ ታፈነ ገለጹ፤ ሬቫንስ ከበሽተኛው መዳን ጋር አያያዙት፤ ሚዛኖቹ በብዙ ሆስፒታሎች እንዲነጻጸር አስቻሉ፤ መረቡም የጠፋችውን ብቸኛ እንደገና ወደ ሥዕሉ መለሳት። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ተደጋግሞ ታይቷል። የተለካውን ለውጥ ያላስከተለ ልኬት ተጠያቂዎቹን ከማድከም በቀር ፋይዳ አልሰጠም። የለንደኑ ሆስፒታል የጥናቱን እውነት ተረድቶ ሳለ ልማዱን መለወጥ ስለ ተቸገረ፣ ዕውቀቱ ብቻውን ተማሪዎቹን ሊያቆያቸው አልቻለም።

ስለዚህ መጠይቅ ከመታተሙ በፊት መልስ የሚያሻው ጥያቄ "ምን እንለካ?" የሚለው ብቻ አይደለም። ውጤቱ ሲታወቅ ማን ምን ለማድረግ ዝግጁ ነው የሚለውም አብሮ ሊመለስ ይገባዋል። ይህ ካልተወሰነ፣ በሌሊት ተረኛነቷ ወቅት የምትጠይቀው ሰው ያጣችው ነርስ በመጠይቁ ላይ አንድ ምልክት አድርጋ እንደ ገና ብቻዋን ወደ በሽተኛዋ ትመለሳለች።